«ፕሪንተር» ያልኩት ፎልደር

ቤታችን ያለው ኮምፒውተር የይለፍ ቃል የለውም። አንድ ጊዜ አድርጌበት ነበር። እናቴ ከሥራ ተመልሳ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ልትከፍተው ብትሞክር እምቢ አላት። ሁለት ቀን ዝም ብላ ቆይታ በሦስተኛው ቀን ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ምን አጥፍተንብህ ነው?» አለችኝ። አባቴ ከሶፋው ላይ ሆኖ፣ «ሦስት ሰው ባለበት ቤት ቁልፍ የሚያስፈልገው መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነው» አለ። የዚያኑ ዕለት አነሣሁት።

እኛ ቤት ቁልፍ ስድብ ነው። ቁልፍ ይታያል፤ አንድ ሰው እናንተን አላመንኩም እንዳለ ለሁሉም ይናገራል። መደበቅ ግን አይታይም፣ ስለማይታይም ማንንም አያስቀይምም። እኔ የምደብቀው ነበረኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሥራ ቀይሬያለሁ፤ መጀመሪያ የእንግዶች መኪና እየተቀበልኩ አቆም ነበር፣ ከዚያ ኤርፖርት መንገድ ላይ ካለ መጋዘን ገባሁ፣ ከዚያ ሴንትራል ፓርክ በሚባል ሰፈር ካለ ሱፐርማርኬት ዕቃ እደረድር ጀመር። ኮሌጁን አቋርጫለሁ፣ ለወላጆቼ ግን አልተናገርኩም። ይህ ሁሉ በግጥም ተጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ባቡር ላይ እየጻፍኩ ባቡር ላይ እየሰረዝኩ ለመድኩት። ስለዚህ ማንም እንዲያይብኝ አልፈልግም ነበር።

መጀመሪያ የተጠቀምኩበት ዘዴ የልጅ ዘዴ ነው። ለፎልደሩ ስም በሚጻፍበት ቦታ ኦልት የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ዜሮ፣ አንድ፣ ስድስት፣ ዜሮ መምታት ነው፤ ስሙ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ከምስሎቹ ዝርዝር ውስጥ ምንም ያልተሣለበትን መርጦ መስጠት ነው። ፎልደሩ ስክሪኑ ላይ ተቀምጦ አይታይም። ምንም የሚገዛ፣ ምንም የሚጫን ፕሮግራም የለውም። የስክሪኑ መደብ ከሆነው የሮኪ ተራሮች ፎቶ ላይ፣ ከበረዶው ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ባዶ ሰማይ ውስጥ ግጥሞቼ ተቀምጠው እናቴና አባቴ በፊታቸው ሲያልፉ አያለሁ። በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠራኝ። አባቴ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። መኪናው ውስጥ እንድገባ ምልክት ሰጠኝ። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ እሱ ግን መሪውን እንደያዘ ነው።

«አያትህ ዐረፉ» አለኝ።

ደሴ ያሉት የእናቴ አባት ናቸው። እኔ አሜሪካ የመጣሁት በሰባት ዓመቴ ስለሆነ ብዙም አላስታውሳቸውም።

«እማዬ ታውቃለች?»

«የት ታውቃለች። ማንም እንዳይነግራት ብያለሁ። ፈተና አለባት እኮ።»

እናቴ ሎውሪ ሰፈር ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ረዳት ሆና ስትሠራ ብዙ ዓመቷ ነው። ሰውን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች። በዚያ ላይ ተምራ ለነርስነት ፈቃድ ልትፈተን ሃያ ቀን ገደማ ቀርቷታል። አንድ ጊዜ ወድቃ ነበር፤ ይህ ሁለተኛዋ ነው። አባቴ የእድሩን ሽማግሌ አማክሯል። እሳቸውም፣ «አስከሬኑ ተቀብሯል፤ አሁን የሚያስቸኩል ነገር የለም። ትፈተን። በማግስቱ ቅዳሜ ማለዳ ሰብሰብ ብለን መጥተን እናረዳታለን። ብቻ ተጠንቀቁ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ። ዋናው እሱ ነው» ብለዋል።

ይህን ነገር እዚህ ለተወለዱ ልጆች ማስረዳት ያስቸግራል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ወደ ሥራ ለምትሄድ ሴት በር ላይ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ይዟት የሚቀመጥ ሰው ኖሮ ነው የሚነገረው። መዘግየቱ ውሸት አይባልም። ዋሸኸኝ ተብሎ የተወቀሰ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ብቻዬን አሰማችሁኝ ብሎ የተቀየመ ግን አለ።

አባቴ ስልኩን አወጣ። አጎቴ የቀብሩን ቪዲዮ ልኮለታል። እናቴ ደግሞ የአባቴን ስልክ እንደራሷ ነው የምትነካው። «ይኼን ከዚህ ላይ አጥፋልኝ፣ ግን እንዳይጠፋ። በኋላ ታየዋለች። ኮምፒውተሩ ላይ ደብቀው፤ አንተ ታውቅበታለህ።»

«ምን አውቅበታለሁ?»

«ያ ከተራራው በላይ ያለው። ማውዙን ሳሳልፍበት አራት ማዕዘን ነገር ብልጭ ይላል።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሹፌር ነኝ እኮ። መስተዋት ውስጥ የማይታየውን ማየት ነው ሥራዬ።»

ሰማዩ ውስጥ ያለው ዘዴ እንደማይሠራ ያን ጊዜ ገባኝ። አዲስ ዘዴ ያዝኩ። ሰነዶች ከሚቀመጡበት ቦታ ውስጥ አንድ ፎልደር ከፈትኩና ማንም እንዳይጓጓለት «ፕሪንተር» ብዬ ሰየምኩት። ከዚያ የማውዙን ቀኝ ተጭኜ፣ ፕሮፐርቲስ ገብቼ፣ «ሂድን»፣ የተደበቀ፣ የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ። ፎልደሩ ከዓይን ጠፋ። ግጥሞቼን አስገባሁበት፣ የአያቴንም ቀብር አስገባሁ። ቪዲዮውን ሁለት ደቂቃ ያህል አይቼ ዘጋሁት። አንድ ጠባብ መንገድ፣ ነጭ የለበሰ ሰው፣ የሚንቀጠቀጥ ካሜራ። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም።

እናቴ በየሳምንቱ እሑድ አባቷ ጋ ትደውል ነበር። አጎቴ አንድ ሰበብ ፈጠረ፤ «አባባ ጸበል ገብቷል፣ ስልክ አይዝም» አላት።

«ጸበል?» አለችን ስልኩን ዘግታ። «በዚህ ዕድሜው ምን ኃጢአት ቀርቶት ነው?»

«ጉልበቱን አሞት ይሆናል» አለ አባቴ።

«ጉልበቱንማ ቢያመው ለኔ ነበር የሚነግረኝ። ስለ ጉልበቱ ሲያወራ ሰዓት አይበቃውም።» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ከታች በኩል የጎደለው ጥርሷ ይታያል፣ እሷም ታውቀዋለች፣ እጇን ታስጠጋለች።

እዚህ ጋ ነው ዛሬም ድረስ ራሴን የምጠላበት ነገር የሚጀምረው። ያንን ሳቅ ጻፍኩት። ሳታውቅ የምትስቅ ሴት አገኘሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለግጥም ሁልጊዜ አይገኝም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያየኋት እጽፍ ነበር። ወጥ ቤት ቆማ የመድኃኒት ስም ስታጠና፣ የቀለሏትን ጥያቄዎች መልሳ በሙሉ ልቧ «የስ!» ስትል፣ ሁሉንም ለቀምኩ። በመጨረሻም ገና ያልመጣውን ቅዳሜ ጻፍኩት። ሽማግሌዎቹን አስገባሁ፣ እናቴን መሬት ላይ ጣልኳት፣ ደረቷን አስመታኋት፣ ነጠላዋን አስቀደድኳት። ለአያቴ ደግሞ ከዘራ ሰጠኋቸው። በመጨረሻው መስመር ከዘራው ግድግዳ ተደግፎ ጌታውን ይጠብቃል። ግጥሙን «የእናቴ ለቅሶ» ብዬ ቪዲዮው አጠገብ አስቀመጥኩት። ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጥ መሰለኝ።

ያን ሰሞን እናቴ የማጥኛ ፋይሎች ታወርዳለች፣ ካወረደቻቸው በኋላ አታገኛቸውም።

«ያወረድኩት የት ሄደ?»

«ዳውንሎድስ ውስጥ ነው እማዬ፣ መቶ ጊዜ ነገርኩሽ።»

«መቶ አንደኛውን ንገረኛ።»

አልነገርኳትም። ከሥራ ደክሞኝ ነበር፣ ወይም እንደሚደክመው ሰው መሆን ፈልጌ ነበር። «ላይብረሪ ሂጂ፤ ማክሰኞ ጠዋት ለአዋቂዎች በነጻ ያስተምራሉ» አልኳት። ማክሰኞ ዕረፍቷ ነው። ሄደች። ትንሽ ደብተር ገዝታ ነበር የሄደችው። በመጀመሪያው ማክሰኞ ተመልሳ፣ «መምህሯ ካንተ ትሻላለች፣ አትነጫነጭም» አለችኝ።

በሁለተኛው ማክሰኞ ወደ ማታ ከሥራ ስገባ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ እሷ ምግብ ታቀርባለች። የማስታውሰው ነገር የለም። የተለየ ነገር አላየሁም። ዓይኔ ስለታም ነው የምለው እኔ፣ የሰው ጫማ አይቼ ሥራውን እናገራለሁ የምለው፣ ምንም አላየሁም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጸበሉ አልጠየቀችም። እሑድ መጣ፣ አልደወለችም። አባቴ በረንዳው ላይ በሹክሹክታ፣ «ተመስገን፣ ፈተናው ጠምዷታል፣ ረስታዋለች» አለኝ። እኔም ተመስገን አልኩ።

ዓርብ ዕለት ተፈተነች። ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ መኪኖቹ አንድ በአንድ መብራት አጥፍተው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገቡ። እኔና አባቴ ከመስኮቱ እያየን ነበር። ሽማግሌው ከፊት፣ ከኋላቸው ሰባት ስምንት ሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ደረጃውን ሲወጡ ጫማቸው እንዳይሰማ ይጠነቀቃሉ። አባቴ በሩን ሊከፍት ሲነሳ እናቴ ከመኝታ ክፍል ወጣች። ጥቁር ሹራብ ለብሳለች። ፀጉሯን ሸፍናለች። አባቴን አልፋው ሄዳ እሷ ከፈተችው።

«ግቡ» አለች። «በዚህ ብርድ ደከማችሁ።»

ሽማግሌው ያዘጋጁት ንግግር ነበር። መሐል ላይ ቆመው የጠፋባቸው መሰለኝ። ተቀመጡ፣ እሷንም በሁለት ሴቶች መካከል አስቀመጧት፣ ከዚያ ነገሯት። እሷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ሲጨርሱ፣ «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር» አለች። ሴቶቹ እሪ አሉ። እሷ ዝም አለች።

«አውጪው እንጂ» አለቻት አንዷ ትከሻዋን እየነቀነቀች። «አባት እኮ ነው። አልቅሺ፣ ይወጣልሻል።»

«እሺ» አለች እናቴ። ግን አላለቀሰችም። ዓይኗ ትንሽ ቀላ፣ በቃ።

ትንሽ ቆይቼ ወጥ ቤት ውስጥ የወረቀት ኩባያ ስደረድር ሁለት ሴቶች ማቀዝቀዣው አጠገብ ይንሾካሾካሉ። «አሜሪካ ዕንባዋን አደረቀው።» «ሥራዋስ፤ በየሳምንቱ ሽማግሌ ሲሞት ታያለች፣ የለመደ ልብ ነው።» «ቢሆንም ለአባት?» ሲያዩኝ አንዷ ኩባያውን ተቀበለችኝና፣ «አይዞህ የኔ ልጅ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው የአያቴን ፎቶ አሳትሜ ጠረጴዛው ላይ እንዳኖር ጠየቁኝ። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ የምግብ ትሪ ይገባል፣ ወንበር ከጎረቤት ይመጣል። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሰነዶቹ ውስጥ ገባሁ። «ፕሪንተር» እዚያው አለ፤ ጥላ እንዳረፈበት ነገር ደብዘዝ ብሎ ይታያል። የተደበቀ ፎልደር እንዲህ ደብዝዞ የሚታየው አንድ ሰው የተደበቁትን አሳየኝ ብሎ ሲያዝዘው ብቻ ነው። እኔ የምገባው አድራሻውን ራሴ ጽፌ ነው፤ አላዘዝኩም።

የሷ ትንሽ ደብተር ከኪቦርዱ ሥር ነበር። ሳልፈልግ ገለጥኩት። በእጅ ጽሑፏ፣ በአማርኛ፣ «ቪው፣ ሾው፣ ሂድን አይተምስ። የጠፋ ነገር እዚህ ይገኛል» ብላ ጽፋለች። በሥሩ አስምራበታለች።

ድምፁን አጥፍቼ ቪዲዮውን ነካሁት። ማጫወቻው ካቆመበት ነው የሚቀጥለው። እኔ ያቆምኩት ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነው። እሱ የተነሣው ከመጨረሻው፣ ሰዎች ከመቃብሩ ተመልሰው እጃቸውን ሲታጠቡ ከሚያሳየው ላይ ነው። አንድም ነገር አላለፋትም።

ከዚያ ግጥሙን ከፈትኩ። መጨረሻው መስመር ላይ፣ ከዘራው ግድግዳ ተደግፎ ከሚጠብቅበት በታች፣ አንድ የኔ ያልሆነ ነገር ተጽፏል። እናቴ በኪቦርድ የአማርኛ ፊደል መጻፍ አትችልም። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በአንድ ጣት እየለቀመች ነው የጻፈችው፦ «አባዬ ከዘራ ይዞ አያውቅም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚሄደው።»

ሌላ ምንም። ያስቀደድኩትን ነጠላ አልነካችውም፣ ያስመታሁትን ደረት አልነካችውም። የአባቷን ከዘራ ብቻ ነው የመለሰችልኝ።

ዞሬ አየኋት። ሶፋው ላይ በሁለት ሴቶች መካከል ተቀምጣ ነበር፣ ታየኛለች። ፎቶውን አትሜ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት።

ያን ሰዓት ተነሥቼ መናገር እችል ነበር። «እናቴ ዕንባዋ አልደረቀም፤ ከአሥር ቀን በፊት አልቅሳ ጨርሳለች፤ ብቻዋን ያሰማናት እኛ ነን፣ የደበቅኩትም እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ለቅሶው ሦስት ቀን ቆየ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው እየገባ አየኝ፣ ሻይ ቀዳሁ፣ ጫማ አስተካከልኩ። አልተናገርኩም። ፎልደሩ ብቻ ቢሆን እናገር ነበር ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። እውነቱ ግን ግጥሙን ነው ያፈርኩበት፤ እንዴት አገኘችው ሲሉኝ ግጥሙ እንዳይነሣ ነው የፈራሁት።

በሳምንቱ ወደ ሥራ ስትመለስ ሎውሪ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ፈተናውን ማለፏን ሰምታለች። ለማንም ገና አልተናገረችም፤ ለቅሶ ላይ ደስታ አይወራም። ከሕንጻው ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ጠየቅኳት።

«መቼ አየሽው?»

«ያን ማክሰኞ። ከክላስ ተመልሼ፣ የተማርኩትን ልሞክር ብዬ። የጠፉት የማጥኛ ፋይሎቼ እዚያ ያሉ መስሎኝ።»

«መጀመሪያ የከፈትሽው ምኑን ነው?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት የሥራ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች። «ግጥሙን። እናት የሚል ስላለበት።»

አባቷ መሞቱን የሰማችው ከኔ ግጥም ነው። ሽማግሌ ሳይቀድም፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር፣ መሬት ላይ የምትወድቀዋን ራሷን እያነበበች።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ? እናንተ ለኔ ብላችሁ ደበቃችሁ። አባትህ በጭንቀት ሊሞት ነበር፣ አያሳዝንም? ማወቄን ካወቀማ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ሊሆንበት ነው።» በሩን ከፈተች። «ድምፁን ቀንሼ ነው ያየሁት። ታች ያሉት ልጆች ግቢው ውስጥ ይጫወቱ ነበር። አልቅሼ አልቅሼ ሲበቃኝ ፊቴን ታጥቤ ዶሮ ከማቀዝቀዣ አወጣሁ፣ እራት መድረስ ነበረበት።»

«ሰዎቹ ግን ስለ አንቺ እያወሩ ነው እማዬ።»

«አውቃለሁ። እንደገና ላለቅስላቸው ሞከርኩ እኮ። አልመጣ አለኝ። ሁለቴ የሚሆን ነገር አይደለም።» አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አኑራ ዞረች። «እንደዚያ አላለቅስም ደግሞ። እኔ ደረት መትቼ አላውቅም። ማንን አይተህ ነው የጻፍከው?»

የሰው ለቅሶ ላይ ያየኋቸውን ሴቶች፣ አንድ ላይ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ሄደች።

ያን ቀን ቤት ገብቼ «ሂድን» የምትለዋ ሳጥን ላይ ያለውን ምልክት አነሣሁ። ግጥሙን ልሰርዘው ብዬ የሷ መስመር አብሮ ይጠፋል ብዬ ተውኩት። ቁልፍ ባደርግበት ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ሁለት ቀን ትቀየመኝ ነበር። «ምን አጥፍተንብህ ነው?» ትለኝ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሁለት ሴቶች ይዘዋት፣ አባቷን በወጉ ታለቅስ ነበር።

በአርባው ቀን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ከበላን በኋላ፣ ወጥ ቤታችን ውስጥ ኩባያውን የተቀበለችኝ ሴት ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

«አንቺስ ጠንካራ ሴት ነሽ» አለቻት። «እኔ ብሆን አባቴን ስሰማ እሞት ነበር። አንዳንዱ ሰው ግን ይችለዋል።»

አባቴ ሳህኑን አየ። እኔ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ።

«እትዬ» አልኩ፣ «እሷ እኮ...»

«ልጄ» አለች እናቴ። ድምፅዋን አላነሣችም። «ውሃ አምጣልኝ።»

ቆሜ አየኋት። በዓይኗ ወደ ውሃው አመለከተችኝ።

ውሃው ያለው አዳራሹ ጫፍ ነው። ሄድኩ፣ ቀዳሁ፣ እንዳይፈስ ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ስደርስ ጨዋታው ባለፈው ሳምንት ስለ ጣለው በረዶ ሆኗል፤ አባቴ የመኪናው ጣሪያ እንዴት እንደተጎደጎደ ያወራል፣ ሴትየዋ ትስቃለች። እናቴ ግማሹን ጠጥታ ኩባያውን መለሰችልኝ።